ባቡር የተወውን መንገድ ብስክሌት አነሳው

ግራቭል ብስክሌት ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር፣ በፒስታና በጫካ ጥርጊያ ላይ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሠራ ብስክሌት ነው። ስሙን ያገኘው ከሚሄድበት መሬት ነው፤ ግራቭል በእንግሊዝኛ ጠጠር ማለት ነውና። ስፖርቱ ከየት እንደመጣና ከጋላቢው ምን እንደሚፈልግ ለማየት ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት መሃል ያለው አገር ነው። እዚያ የዴሹትስና የክሩክድ ወንዞች ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆ ሠርተዋል፤ ከሸለቆው በላይ ደግሞ የጥድ ደን ተዘርግቷል። ሸለቆውንም ደኑንም የሚያቋርጡት የጠጠር መንገዶች ለብስክሌት ተብለው የተሠሩ አይደሉም። አንዱን ባቡር፣ ሌላውን ግንድ የጫነ መኪና ጠርጎ የተወው ነው።

ብስክሌቱ

ግራቭል ብስክሌት ከሩቅ ሲታይ የአስፋልት መወዳደሪያ ብስክሌት ይመስላል። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ ነው፤ ይህም ጋላቢው በረጅም ጉዞ ላይ የእጁን አያያዝ እየቀያየረ እንዲያርፍና በነፋስ ላይ ጎንበስ እንዲል ያስችለዋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ጎማው ላይ ነው። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ስፋት ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ሲሆን የግራቭሉ ከ35 እስከ 50 ይደርሳል። የተራራ ብስክሌት ጎማ ከዚህም ይሰፋል፤ ነገር ግን ክብደቱና ትልልቅ ጥርሶቹ በደልዳላ መንገድ ላይ ጉልበት ይበላሉ። ግራቭል የሁለቱ መካከለኛ ነው።

የጎማው አየር ደግሞ ከስፋቱ ያላነሰ ቦታ አለው። ቀጭን የአስፋልት ጎማ ከ5 እስከ 7 ባር ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የግራቭል ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.8 ባር ብቻ ይነፋል። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ከጠጠሩ ጋር ከመጋጨት ይልቅ ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፤ መሬትም ይቆነጥጣል። አየሩ ከመጠን በላይ ካነሰ ግን ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ጋላቢዎች እንደየክብደታቸውና እንደየመንገዱ አየሩን ሲጨምሩና ሲቀንሱ ይታያሉ።

አብዛኛው የዘመኑ የግራቭል ጎማ ካላማዳሪ የለውም። በካላማዳሪ ፋንታ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይጨመርበታል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ከአየሩ ጋር ወደ ቀዳዳው ይሮጥና እዚያው ደርቆ ይደፍነዋል፤ ጋላቢው ብዙ ጊዜ መበሳቱን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨምቅ ሳይሆን በመሃል ያለውን ዲስክ የሚይዝ ነው፤ ጭቃና አቧራ ኃይሉን ብዙም አይቀንሱበትም። ማርሹም ለዳገት የታሰበ ነው። ፊት ለፊት ብዙ ጊዜ አንድ ጥርሰ ጎማ ብቻ አለ፤ የኋላው ትልቁ ጥርሰ ጎማ ደግሞ ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሲሆን አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ጎማውን አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ አያዞርም፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ግን ይበረክታል።

እንዲህ ያለው ብስክሌት በፋብሪካ ከመሠራቱ በፊት ሰዎች ባገኙት ብስክሌት ጠጠር ላይ ይወዳደሩ ነበር። ከውድድሮቹ ሁሉ ታዋቂው በካንሳስ ግዛት በኤምፖሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በ34 ተወዳዳሪዎች የተጀመረው ነው። ዛሬ አንባውንድ ይባላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፉበታል፤ ዋናው ርቀቱም 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካም ከ2021 ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ አካባቢ የግራቭል ውድድር ይካሄዳል። አብዛኛው ጋላቢ ግን ተወዳዳሪ አይደለም፤ መኪና ከሚበዛበት አስፋልት ሸሽቶ ጸጥ ያለ መንገድ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሸለቆው

የመካከለኛው ኦሪገን መልክ የእሳተ ገሞራና የውኃ ሥራ ነው። ዴሹትስ ከካስኬድ ተራሮች ሥር ካለች ትንሽ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ኮሎምቢያ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ ይገባል። ስሙን ያወጡለት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የቆዳ ነጋዴዎች ናቸው፤ የፏፏቴዎች ወንዝ ማለታቸው ነበር። ክሩክድ ደግሞ ከምሥራቅ እየተጠማዘዘ መጥቶ የሚቀላቀለው ገባር ነው፤ ስሙም ጠማማ ማለት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ በ1964 የተጠናቀቀ ግድብ ቢሊ ቺኑክ የተባለውን ሐይቅ ፈጥሯል።

በታችኛው ዴሹትስ ግራና ቀኝ የቆመው ግድግዳ ከባዛልት የተሠራ ነው። ከ17 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ከምድር ስንጥቅ እየወጣ እንደ ጎርፍ የተዘረጋ ቅልጥ ድንጋይ በላይ በላዩ ተደራርቦ ደርቋል፤ አብዛኛው የፈሰሰው በዚያ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ወንዙ ይህን ድርብርብ እየቆረጠ ወርዶ በየቦታው ከ300 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ አበጅቷል። የአባይን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሰው መልኩን ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልትም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዚሁ ዓይነት የእሳት ጎርፍ የተነጠፈ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ዓለቱ ጎን ለጎን እንደቆሙ ምሰሶዎች ይሰነጠቃል። ከምሰሶዎቹ እየተፈረካከሰ የሚወርደው ስባሪ ነው የመንገዱ ጠጠር የሚሆነው። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ወንዝ እንዳለሰለሰው ጠጠር አይንከባለልም፣ ጎማ ግን ይቆርጣል።

በክሩክድ ወንዝ በኩል ያለው መንገድ ለጀማሪ ይመቻል። ከፕራይንቪል ከተማ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልቱ ከወንዙ ጋር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በ1961 ከተጠናቀቀው የቦውማን ግድብ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ጠጠር ይለወጣል፤ ቤቱም መኪናውም እየሳሳ ይመጣል። ከግድቡ በታች ያለው የወንዙ ክፍል ከ1988 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ያው ወንዝ ስሚዝ ሮክ የሚባሉትን ቀያይ ገደሎች ይዞራል። እነሱ ባዛልት አይደሉም፤ ከ29 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ፈንድቶ ከወደቀ እሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተጋግሮ የሆኑት ድንጋይ ናቸው።

የሁለት ባቡሮች ፉክክር

እንዲህ ባለ ገደል ውስጥ ደልዳላ መንገድ ሊገኝ የቻለው በሁለት ባለሀብቶች እልህ ምክንያት ነው። በ1909 የኤድዋርድ ሃሪማን ኩባንያ በዴሹትስ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የጄምስ ሂል ኩባንያ ደግሞ በምዕራባዊው ዳርቻ በአንድ ጊዜ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። ሁለቱም የሚፈልጉት በላይ ያለውን የጥድ ደን ነበር። ወንዙ መሃል ሆኖ የሁለቱ ወገን ሠራተኞች በጠባቡ ሸለቆ ፊት ለፊት እየተያዩ ዓለት ያፈነዱ ነበር። ሃሪማን በዚያው ዓመት ሞተ፤ ኩባንያዎቹም በመጨረሻ ተስማምተው መስመር መጋራት ጀመሩ። ባቡሩ ቤንድ ከተማ የደረሰው በ1911 ነው።

ለአንድ ሸለቆ ሁለት ሐዲድ ይበዛል። የምሥራቁ መስመር የታችኛው ክፍል በ1930ዎቹ ተተወ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ መደቡ ቀረ። ዛሬ ዴሹትስ ከኮሎምቢያ ከሚገናኝበት የግዛቱ መናፈሻ ተነስቶ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚወስደው የብስክሌት መንገድ ይህ መደብ ነው። በማዶው ዳርቻ የጭነት ባቡር አሁንም ያልፋል።

የባቡር መደብ ለብስክሌት የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታልና ባቡር ዳገት አይወድም፤ በ100 ሜትር ጉዞ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ ኩርባውን አስፍተው አልፈዋል። በእግር ለመውጣት የሚያስቸግር ገደል ውስጥ ልጅም ሽማግሌም ፔዳል እየመታ ሊሄድ የቻለው ስለዚህ ነው። የመንገዱ ጠላት ዳገት ሳይሆን እሾህ ነው፤ በመሬት ላይ እየተሳበ የሚያድገው፣ እኛ ኩርንችት የምንለው ዓይነት እሾህ በዳርቻው ይበዛል።

ደኑ

ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ወይም በምሥራቅ ወዳሉት ኦቾኮ ተራሮች የሚሄድ ጋላቢ በአንድ ቀን ውስጥ የዕፅዋቱን መለወጥ ያያል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና ዝናቡን በካስኬድ ተራሮች ምዕራባዊ ገጽ ያራግፈዋል፤ በዚያ በኩል በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ አለ። ተራራውን ተሻግሮ ቤንድ ሲደርስ የሚቀረው 300 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደረቁ ቆላ የሚበቅለው ዛፍ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም፤ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ከፍታውና እርጥበቱ ሲጨምር ግን ፖንደሮሳ የሚባለው ጥድ ይተካዋል። ይህኛው ጥድ በአገራችን በተፈጥሮ ከማይገኝ ሌላ ወገን ነው፤ ከሜክሲኮ መጥቶ በየቦታው ከተተከለው ፓቱላ ጋር ይዛመዳል።

ፖንደሮሳ በወጣትነቱ ቅርፊቱ ጥቁር ነው። ሲያረጅ ቅርፊቱ ብርቱካንማ ይሆንና እንደ ተገጣጠመ ሰሌዳ ይሰነጣጠቃል፤ ፀሐይ ሲመታውም ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። ዕድሜው ከ300 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ወፍራሙ ቅርፊት የተሠራው ለእሳት ነው። በቀድሞው ዘመን መብረቅ ወይም የአገሩ ነባር ሰዎች የሚለኩሱት ዝቅተኛ እሳት በየጥቂት ዓመቱ ቁጥቋጦውን እያጸዳ ያልፍ ነበር፤ ትልልቆቹ ዛፎችም ተራርቀው ይቆሙ ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት እሳትን ሁሉ ማጥፋት ሲጀምር ችግኙና ጭራሮው ተከማቸ፤ አሁን እሳት ሲነሳ እስከ አናት ወጥቶ ሁሉን ይፈጃል። የደን ሠራተኞች በጸደይና በመኸር ሆን ብለው የሚለኩሱት እሳት ይህን ክምችት ለመቀነስ ነው። ጋላቢዎች በመንገድ ዳር የሚያዩት ሥሩ ብቻ የጠቆረ ዛፍ ብዙ ጊዜ የጤንነት እንጂ የጥፋት ምልክት አይደለም።

በ1916 በቤንድ በዴሹትስ ዳርና ዳር ሁለት ታላላቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ግንዱን ከጫካ የሚያወጡት በየጊዜው እየተነቀለ በሚዛወር ሐዲድ ነበር፤ ኋላ መኪና ሲተካው በየሸንተረሩ የገረጋንቲ መንገድ ተጠረገ። ከመሰንጠቂያዎቹ አንደኛው በ1950 ተዘጋ፤ ሌላው እስከ 1994 ቆየ። በ1990ዎቹ ከፌዴራል ደኖች የሚቆረጠው እንጨት በእጅጉ ቀነሰ፤ መኪኖቹም አብረው ሄዱ። የቀድሞው መሰንጠቂያ ሦስት ጭስ ማውጫዎች ዛሬ በገበያ ማዕከል መሃል ቆመዋል።

መንገዶቹ ግን አልጠፉም። በመላው አሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የሚያስተዳድረው መንገድ ከ590,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በጥገና ደረጃ ከ1 እስከ 5 ይከፈላሉ። 5 አስፋልት የለበሰ ወይም የተስተካከለ ነው፤ 3 የቤት መኪና የሚያሳልፍ ጠጠር ነው፤ 2 ከፍ ያለ መኪና ብቻ የሚወጣው ነው፤ 1 ለመኪና የተዘጋ ነው። በካርታ ላይ ዋናዎቹ በሁለት አኃዝ ይታወቃሉ፤ ቅርንጫፎቹ አራት፣ የቅርንጫፍ ቅርንጫፎቹ ተጨማሪ ሦስት አኃዝ ይይዛሉ። ቁጥሩ በረዘመ መጠን መንገዱ እየጠበበና እየሸፈተ እንደሚሄድ ልምድ ያለው ጋላቢ ያውቃል።

መሬቱን ማንበብ

በዚህ አገር አንድ ጉዞ አራትና አምስት ዓይነት መሬት ያገናኛል። ከቤንድ በስተ ደቡብ ያለው ደን የቆመው ፑሚስ በሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ከ7,700 ዓመታት ገደማ በፊት ማዛማ የተባለው ተራራ ፈንድቶ ዛሬ ክሬተር ሌክ የሚባለውን ሐይቅ ሲያስቀር ቀላሉን ድንጋይና አመዱን በአገሩ ሁሉ በትኗል። ይህ አፈር በረዶ እንደቀለጠ ወይም ዝናብ እንደጣለ ጥጥር ብሎ ያስጋልባል። በበጋ ሲደርቅ ግን እንደ ዱቄት ይሆናል፤ ጎማው ይሰምጣል፣ መሪው ይዋልላል። በሌላ ቦታ መንገዱ ቀይ ነው። ከትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የተቆፈረ፣ በአገራችን ግንበኞችና መንገድ ሠሪዎች ሬድ አሽ የሚሉት ገሞራ ለብሷል፤ ውኃ ያሰርጋል፣ ነገር ግን ይንሸራተታል።

ሌላው ፈተና ኮረኮንቹ ነው። መኪና በበዛበት የጠጠር መንገድ ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር የሚፈጠረው በጎማው መንጠር ነው። ጎማ ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ይነሳል፤ ሲያርፍ ጠጠሩን ይገፋና ሌላ ጉብታ ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጎማም በዚያው ላይ ይዘላል። የፊዚክስ ሊቃውንት በአሸዋ ላይ ጎማ እያዞሩ ባደረጉት ሙከራ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሞገዱ እንደማይፈጠር አይተዋል። ጋላቢው መኪናዎቹን ማዘግየት ስለማይችል ያለው መላ የመንገዱን ጠርዝ መያዝና ከኮርቻው በትንሹ መነሳት ነው።

በልቅ ጠጠር ላይ ዋናው ብልሃት አለመጨናነቅ ነው። መሪውን አንቆ የሚይዝ ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ በክንዱ ይቀበላል፤ ላላ አድርጎ የያዘ ሰው ግን ብስክሌቱን ከሥሩ ሲወዛወዝ ትቶ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዓይን ከጎማው ፊት ሳይሆን ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደርስ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን የያዘ በቀላሉ ይወድቃል። በአሸዋ ላይ ደግሞ ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ በቀላል ማርሽ ሳያቋርጡ መምታት ነው፤ የቆመ ሰው እንደገና ለመነሳት ይቸገራል።

ወቅትና ጥንቃቄ

ለሸለቆው ጸደይና መኸር ይመረጣሉ። በበጋ ጥቁሩ ድንጋይ ሙቀት ስለሚያጠራቅም ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ምጣድ ይሆናል። ጅራቱን እንደ ቃጭል የሚያንሿሿ መርዛማ እባብም በመንገዱ ዳር ይገኛል፤ ከራቁት አይደርስም። ከፍ ባለው ደን በረዶው በአንዳንድ ቦታ እስከ ሰኔ ይቆያል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሰደድ እሳት ጭስ ሙሉ ሳምንት ሊያስቀር ይችላል፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። መኸር የአደን ወቅት ስለሆነ ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ ይለበሳል።

በጫካው ውስጥ ጎሚስታ የለም። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ የጎማ መሰኪያ፣ ፖምፓና የሰንሰለት መፍቻ ከጋላቢው ጋር ይሄዳሉ። በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ ስልክ ላይ ይጫናል፣ ብቻውን የሚሄድ ሰውም በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይይዛል። ኦቾኮ ላይ ውኃ ተራርቆ ነው የሚገኘው፤ ምንጩ ንጹሕ ቢመስልም ጃርዲያ የሚባለው የሆድ ተውሳክ ሊኖርበት ስለሚችል ተጣርቶ ይጠጣል።

የማን መሬት ነው?

ካርታ ላይ አንድ የሚመስለው አገር ብዙ ባለቤት አለው። የደን መንገዶቹ የሕዝብ ናቸው፤ ማንም ያለክፍያ ይሄድባቸዋል። በሕግ ዱር ተብሎ በተከለለው መሬት ግን ብስክሌት አይገባም። የ1964ቱ የዱር አካባቢዎች ሕግ የሜካኒክ መጓጓዣን ስለሚከለክል ስሪ ሲስተርስ በሚባሉት ተራሮች ዙሪያ ያለው ክልል ለእግረኛና ለፈረስ ብቻ ነው። በሸለቆዎቹ ላይ ደግሞ የከብት አርቢዎች መሬት አለ፤ የመንገድ አጥር በር ሲያጋጥም ደንቡ አንድ ነው፤ ክፍት የተገኘ ክፍት፣ ዝግ የተገኘ ዝግ ሆኖ ይተዋል።

ከዴሹትስ በስተ ምዕራብ ካለው ዳርቻ ከፊሉ የዋርም ስፕሪንግስ ነባር ሕዝቦች ግዛት ነው። አባቶቻቸው በ1855 በተፈረመ ውል 40,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ለቀው ይህንን ለራሳቸው አስቀርተዋል። ያለፈቃዳቸው መግባት አይቻልም።

እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር የሚያያይዝ ጉዞም አለ። ኦሪገን አውትባክ የሚባለው መንገድ ከ2014 ጀምሮ በጋላቢዎች ዘንድ ታውቋል። በግዛቱ ደቡብ ካለችው ክላማዝ ፎልስ ከተማ ይነሳና 580 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይጓዛል። የሚጀምረው ግንድ ያመላልስ የነበረ ባቡር በተወው መደብ ላይ ነው፤ ከዚያ በጥዱ ደን፣ በቀዩ ገሞራና በኦቾኮ ሸንተረሮች አልፎ ዴሹትስ ከኮሎምቢያ በሚገናኝበት ቦታ ያበቃል። የሃሪማን ኩባንያ በ1909 መደቡን መጣል የጀመረበት ሸለቆ አፍ እዚያው ነው።